ያልተገለጠው ሚልክያስ

መምህር አስናቀው በባልና ሚስት ሽምግልና መቀመጥ ከተዉ ዘጠኝ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ከፍኖተ ሰላም በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬደው በዚያ ገጠር የሚኖር ሁሉ ይህን ያውቃል። ጠቡ የወሰን ከሆነ ይቀመጣሉ፤ የከብት ከሆነም ይቀመጣሉ። ሴት ባሏን ከሳ የመጣች እንደሆነ ግን፣ «እኔ ለዚህ አልበቃም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» ይሉና ኩታቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ።

ለአገሩ አዲስ የሆነ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። እኔ በዚያው ደብር አጠገብ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ በእሑድ ንባባቸውም ለዓመታት ተቀምጫለሁና ትሕትና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ታሪኩን ራሳቸው በሕዝብ ፊት ተናግረውታል። ከፊሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

መምህር አስናቀው የተወለዱት ቡሬ አጠገብ ነው። ገና በልጅነታቸው ለትምህርት ከቤት ወጡ። ዜማ ቤት ገብተው ድምፃቸው እሺ አላላቸውም፤ ቅኔ ቤት ትንሽ ቆዩ። በመጨረሻ ግን ቋሪት ወጥተው፣ ከገበዘ ማርያም ወጣ ባለ ብርዳም ደጋ ላይ ወንበር ዘርግተው ከሚያስተምሩት ከመምህር ገነነ እግር ሥር ተቀመጡ። መምህር ገነነ የሐዲሳት መምህር ነበሩ፤ ሐዲስ ኪዳንን ከነትርጓሜው ያስተምራሉ። አስናቀው እዚያ ስምንት ዓመት ቆዩ።

የትርጓሜ ጉባኤ አይቶ ለማያውቅ ሰው ልንገር። አንዱ ተማሪ የግዕዙን ቃል ያነባል፤ መምህሩ ይፈቱታል። ፈትተው ግን አያበቁም። «አንድም» ብለው ሌላ ፍች ይሰጣሉ፤ ደግሞ «አንድም» ብለው ሦስተኛ ይጨምራሉ። አንዱ ፍች ሌላውን አያባርረውም። ሁሉም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣ የብዙ ሰው ድምፅ ነው እንጂ አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያመነጨው አይደለም። መምህር ገነነ በዚህ ላይ የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ተማሪ ቸኩሎ «ይህ ማለት ይህ ነው» ያለ እንደሆነ፣ «ለማን ተነገረ? ስለ ምን ተነገረ?» ብለው ያስቆሙታል። እነዚህን ሁለቱን ሳይመልስ አያልፍም፤ ዝናብ ቢመጣም፣ የምሳ ሰዓት ቢያልፍም አያልፍም።

«ባልማር ኖሮ አላወቅሁም ነበር ብዬ እጽናና ነበር» ይላሉ መምህር አስናቀው። «እኔ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሰምቼዋለሁ።»

ትምህርታቸውን ጨርሰው ያይኔአበባን አገቡና የአሁኑ ደብራቸው በመምህርነት ተቀበላቸው። ከተማሪዎቻቸው ሌላ አንድ ነገር ጀመሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቅጽሩ ውስጥ፣ ከትልቁ ወይራ ሥር፣ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ለምእመናን ያስነብቡ ጀመር። አንዱ ያነባል፤ እሳቸው ያስረዳሉ፤ ያልገባው ይጠይቃል። «ትርጓሜ ለሁሉ አይበተንም» ብለው ያጉረመረሙ ካህናት ነበሩ። መምህር ግን፣ «ብቻውን እያነበበ ከሚሳሳት ከእኛ ጋር እያነበበ ቢጠይቀን ምን አለበት?» ብለው ገፉበት።

ከሚመጡት አንዷ ወይኒቱ ነበረች። አባቷ አቶ ቢሰጥ ወገናቸው ከአዊ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ አገውኛም አማርኛም ይነገራል። ወይኒቱ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ አቁማለች፤ ንባቧ ግን የኔን የአስተማሪውን ንባብ ያስንቃል። ጥያቄዋም እንደዚያው ነበር። አንድ እሑድ፣ መንግሥተ ሰማያት አንዲት ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት የሸሸገችውን እርሾ ትመስላለች የሚለው ተነበበ። መምህር ከአባቶች የተማሩትን አንድ በአንድ አስረዱ። ሲጨርሱ ወይኒቱ እጇን አነሣች።

«መምህር፣ እርሾ እኮ ካለፈው ሊጥ የሚተርፍ ነው። ከአሮጌው ካልተረፈ አዲሱ አይቦካም። ታዲያ ጌታ አዲሲቱን ወንጌል በአሮጌ ነገር የመሰላት ለምንድን ነው?»

የመምህር ፊት በራ። «ይህን ከመምህሬም አልሰማሁት። እኛ ወንዶች ሊጥ አቡክተን ስለማናውቅ ነው» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። «እንግዲህ አንድም ብለን እንያዘዋ። ሐዲስ ከብሉይ ይነሣል፤ ብሉይን የጣለ ሰው ሐዲሱ አይቦካለትም።»

ያን ቀን ወይኒቱ ወደ ቤቷ ስትሄድ በደስታ መንገዱ የጠበባት ትመስል ነበር።

በሃያ ዓመቷ ደረሰ ለሚባል የጎረቤት መንደር ልጅ ዳሯት። ደረሰ ሥራ የማይፈራ ገበሬ ነበር። ሲጠጣ ግን ሌላ ሰው ነው። ወይኒቱ ከተዳረች በኋላ እሑድ መምጣቷ ሳሳ፤ ሴት ልጅ ወልዳ አደይ ካለቻት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ቀረች። አንዴ ብቻ፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ከንፈሯ አብጦ አየናት። «ምን ሆንሽ?» አሏት መምህር። «ላሟ መታችኝ» አለች። መምህርም ላሟን ረግመው አለፉ።

በ2008 ዓ.ም. የካቲት ላይ ወይኒቱ ልጇን አዝላ አባቷ ቤት ገባች። ደረሰም ሽማግሌ ላከ። አምስት ሽማግሌዎች ከደብሩ ቅጽር ውጭ ካለው ሜዳ ላይ ተቀመጡ፤ መምህር አስናቀው መካከል ነበሩ። ዕለቱ በዓል ስለነበር አርባ የሚሆን ሰው ዙሪያውን ቆሟል። እኔም ቆሜ ነበር።

ደረሰ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው። ቤቴ አይፍረስብኝ» ብሎ አለቀሰ። ልቅሶው የውሸት አይመስልም ነበር።

ወይኒቱ ተነሥታ ቆመች። «ይህ ሦስተኛው ነው» አለች። «መጀመሪያ ቤተሰብ አስታረቀን። ቀጥሎ ጎረቤት አስታረቀን። አሁን ነፍሴን እፈራለሁ። ይታሰርልኝ አላልሁም፣ ካሳ ይክፈለኝ አላልሁም። ቤቴን ለዩልኝ ነው የምለው።»

አንደኛው ሽማግሌ፣ «ምላስና ጥርስም ይጋጫል፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ አራቱም ወደ መምህር አስናቀው ዞሩ። ነገር ሲጠብቅ ቃሉን የሚያመጡት እሳቸው ናቸው።

መምህር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። «ወይኒቱ፣ አንቺ ቃሉን እየሰማሽ ያደግሽ ነሽ። ላንቺ ማስተማር አይገባኝም። እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው ይላል ወንጌሉ። እኛ ሰዎች ነን። የመለየት ሥልጣን የለንም።»

ዙሪያው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች ወይኒቱ።

«ጠይቂ።»

ከነጠላዋ ሥር መጽሐፍ ቅዱሷን አወጣች። አንድ ቦታ ላይ ክር አግብታበት ነበር፤ እዚያ ላይ ገለጠችው። «ሚልክያስ ምዕራፍ ሁለት ላይ እግዚአብሔር መፋታትን እጠላለሁ ይላል። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ ወይራው ሥር ብዙ ጊዜ ተነግሮናል። ግን እዚያው ላይ፣ ቁጥሩ እንኳ ሳይለወጥ፣ ልብሱን በግፍ የሚከድነውን ሰው እጠላለሁ ይላል፤ በሚስቱ ላይ ግፍ የሚሠራውን ማለት ነው። እግዚአብሔር የሚጠላው ሁለቱን ነው። እኛ ሲነገረን የኖረው አንዱ ብቻ ነው። ይኸው፣ ይዩት» ብላ መጽሐፉን ዘረጋችላቸው።

መምህር አስናቀው ያንን ሁለተኛውን ግማሽ አያውቁትም ነበር። ይህን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ራሳቸው ሲነግሩን ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰባኪ ሲናገር ሰምተው እሳቸውም ሲናገሩት ኖረዋል፤ ሚልክያስን ግን አንድ ቀን ተቀምጠው ከዳር እስከ ዳር አላነበቡም። አርባ ሰው እያያቸው ነው። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ሴት መጽሐፍ ዘርግታላቸው ቆማለች። «አላውቀውም፤ እስቲ አምጪው» ማለት ነበረባቸው። ያን አላሉም።

«ሚልክያስ ብሉይ ነው፣ ልጄ» አሉ። «እኔ የሐዲስ መምህር ነኝ። የብሉይ መምህር ሲመጣ ትጠይቂዋለሽ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ያን ቀን ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ። ነገሩ ያስቅ ስለነበር አይደለም፤ ውጥረቱ ስለተነፈሰልን፣ ወደየቤታችን ልንሄድ ስለሆነ ነው የሳቅነው። ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «ሴት መጽሐፍ ስታበዛ እንዲህ ናት» ሲል ሰማሁት።

ወይኒቱ የዘረጋችውን መጽሐፍ ጥቂት እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ክሩን መልሳ አስገባችና ዘጋችው። «እሺ» አለች። ደረሰ ዳግመኛ እጁን እንዳያነሣ በታቦቱ ማለ። አቶ ቢሰጥም ልጃቸውን ክንዷን ይዘው ወደ ባሏ ቤት መለሷት።

ምሳ ላይ የመምህር ባለቤት ያይኔአበባ፣ «መጽሐፉን ስትሰጥዎ ምነው ሳይቀበሏት ቀሩ?» አለቻቸው።

«ተቀብዬ ምን ላደርገው?»

«እኔ እንጃ። እጇ ብዙ ጊዜ ተዘርግቶ ቆየ።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት መምህር መጽሐፉን ገልጠው ሊያዩት ብዙ ጊዜ አስበው ነበር። አንዴ ዐቢይ ጾም ገባና ሥራ በዛ፤ አንዴ ሕማማት ሆነ፤ አንዴ የተማሪዎቹ ጎጆ ፈረሰ። ምክንያት አይጠፋም። «እውነቱን ብናገር ግን» ይላሉ፣ «እንዳለ አውቅ ነበር። ወይኒቱ የሌለውን አለ የምትል ልጅ አልነበረችም። ባየው የምሠራው ሥራ እንዳለብኝ ስለማውቅ ነው ያላየሁት።»

ሰኔ ላይ፣ መሬቱ በሚታረስበት ሰሞን፣ ደረሰ ጠጥቶ ገብቶ በዘነዘና ራሷን መታት። ጎረቤት ደርሶ በቃሬዛ እስከ ዋናው መንገድ ተሸከማት፤ ከዚያ በባጃጅ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረሷት። ሦስት ቀን ራሷን አላወቀችም።

መምህር አስናቀው በአራተኛው ቀን ሄዱ። አቶ ቢሰጥ በሩ ላይ፣ አፈር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩዋቸው ተነሡ።

«መምህር፣ ይመለሱ። ልጄ ሰው ማየት አትፈልግም።»

«አቶ ቢሰጥ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ይህን ብቻ ልንገራትና ልመለስ።»

አቶ ቢሰጥ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቱ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ በቀለለኝ። አንቱ በቃል ነው፤ ክንዷን ይዤ የመለስኋት እኔ ነኝ። እኔም ገና አልገባሁም። እናቷ ናት ያለችው።»

ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ቀትር ላይ መምህር ተነሥተው ሄዱ።

ቤታቸው እንደደረሱ ኩታቸውን እንኳ ሳያወርዱ ሚልክያስን ገለጡ። ምዕራፍ ሁለት፣ ቁጥር አሥራ ስድስት። ሁለቱም ነገር፣ እሷ እንዳለችው፣ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተቀምጧል። ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ደረሰ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ሲፈታም ወደ ቆላ ወርዶ ቀረ። ወይኒቱ ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ መንደሩ አልተመለሰችም። አደይን ይዛ ቡሬ ገባች።

መምህር አስናቀው ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት ላይ፣ ቋሪት ወጡ። መምህር ገነነ በዚያን ጊዜ ዘጠና አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ወንበራቸውን ግን አልለቀቁም። የቀድሞ ተማሪያቸውን በድምፁ አወቁት። መምህር አስናቀው ተማሪዎቹ እስኪበተኑ ጠብቀው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። የዘነዘናውንም አልደበቁም።

ሽማግሌው አቋርጠው አልተናገሩም። ሲጨርሱ፣ «ያ ሰው አይለየው ያልኸው ቃል ለማን ተነገረ?» አሏቸው።

«ለፈሪሳውያን።»

«ስለ ምን ተነገረ?»

«ሰው በሆነው ባልሆነው ሚስቱን ሊፈታ ይገባዋልን ብለው ስለጠየቁት።»

«እንግዲያ ሚስቱን አውጥቶ ሊጥል ለፈለገ ወንድ የተነገረ ነው። ሴቲቱ እንዳትጣል፣ እንዳትበደል የተሰጠ ጋሻ ነው። አንተ ጋሻውን ወስደህ መታህባት።» ደግሞ፣ «ይፋቱ ማለት ቢከብድህ፣ ጳውሎስ ብትለይ ሳታገባ ትኑር ማለቱን ከእኔ አልተማርህም? እሱ እኮ ሐዲስ ነው» አሉ።

«ተምሬያለሁ።»

«ስንት ሽማግሌ ነበራችሁ?»

«አምስት።»

«አምስታችሁም አንድ ቃል ተናገራችሁ?»

«አዎን፣ የኔታ።»

«እንግዲያ አምስት አልነበራችሁም፤ አንድ ነበራችሁ። አንድም የሚል አልነበረበትም?»

«ነበረ» አሉ መምህር አስናቀው። «እሷ ነበረች።»

መምህር አስናቀው ሲሰናበቱ በየኔታ ገነነ እግር ላይ ወድቀው፣ «ምን ላድርግ?» ቢሏቸው፣ «መንገዱ ወደዚህ አልነበረም። ወደ ቡሬ ነበር» አሏቸው።

ቡሬ ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ ጠዋት ሄደው ከሰዓት ይመለሳሉ። መምህር አስናቀው ግን ወደ ቡሬ ለመሄድ ሰባት ዓመት ፈጀባቸው። መጀመሪያ፣ ቁስሏ ይዳን አሉ። ከዚያ፣ መታየቴ ቁስሏን ይቀሰቅሰዋል አሉ። ከዚያ የኔታ ገነነ ዐረፉ፤ ሂድ ብሎ የሚወቅሳቸው ሰው ጠፋ። ከዚያ ደግሞ መንገዱ አንድ ሰሞን የሚከፈት፣ አንድ ሰሞን የሚዘጋ ሆነ። ይህን ሁሉ ሲነግሩን፣ «አንዱም ምክንያት አልነበረም» ነው ያሉን። «ይቅር አልልህም ብትለኝስ ብዬ ፈርቼ ነው።»

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ መንገዱ በተከፈተ በሳምንቱ ተነሡ።

ወይኒቱ ኡምሀኒ በምትባል የበርበሬ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ እንደምትሠራ ሰምተዋል። መጋዘኑን ጠይቀው አገኙት። ኡምሀኒ በር ላይ ሚዛን አጠገብ ቆማ ነበር፤ የመምህሩን ጥምጥም አይታ ወደ ፊት መጣች።

«ደኅና ዋሉ፣ መምህር። ማንን ፈለጉ?»

«ወይኒቱ ቢሰጥን።»

ኡምሀኒ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። «ይቆጡኝ እንደሆነ ይቆጡኝ፤ ለማስታረቅ ከሆነ የመጡት በመጡበት ይመለሱ። እዚህ ስትመጣ ራሷ በሻሽ ታስሮ ነበር፤ ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ለማስታረቅ አይደለም» አሉ መምህር። «ለመታረቅ ነው።»

ኡምሀኒ ጥቂት አስባ መንገዱን ለቀቀችላቸው።

ውስጥ ስምንት የሚሆኑ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ፤ አየሩ ያስነጥሳል። ወይኒቱ ግድግዳውን ተደግፋ ዳር ላይ ነበረች። ፊቷ ከሳ ብሏል፤ ሌላው ያው ነው። መምህር በግራዋ በኩል ያለ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሰላምታም ሳትሰጥ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

መምህር በሰባት ዓመት ያሰናዱትን ንግግር ጀመሩ። ውብ ንግግር ነበር። ስለ ዳዊት ንስሐ ጠቀሱ፤ ስለ ጴጥሮስ እንባ ጠቀሱ፤ የኔታ ገነነ ያሏቸውን አነሡ። ድምፃቸውን ሌሎቹ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርገው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። እጇ አንዴም አልቆመም። ሲጨርሱ መልሷን ጠበቁ። ዝምታዋ ፍርድ መሰላቸውና አንገታቸውን ደፉ።

ብዙ ቆይታ ዞር አለች። «ምን አሉኝ፣ መምህር? በዚህ ጆሮዬ አልሰማም። ከተመታሁ ወዲህ ነው። ሲናገሩ ነበር እንዴ? ወዲህ ዞረው ይቀመጡ።»

መምህር ተነሡ። ዞረው በቀኟ በኩል ተቀመጡ። ያ ሁሉ ንግግር ከአፋቸው ጠፋ፤ ዳዊትም ጴጥሮስም አልመጣላቸውም።

«በድዬሻለሁ» አሉ። «መጽሐፉን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት አፈርሁ።»

ወይኒቱ የያዘችውን ዛላ በርበሬ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አሁንስ አነበቡት?»

«አነበብሁት።»

«መቼ?»

«አንቺ ሆስፒታል በነበርሽበት ሳምንት።»

«ከዚያ በፊት አላዩትም?»

«አላየሁትም።»

ወይኒቱ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ እኮ ያን ቀን ይፍረዱልኝ አላልሁም። ቢፈርዱብኝም ግድ አልነበረኝም፤ አይተውት፣ ወይኒቱ እንዲህ አይደለም ትርጓሜው ቢሉኝ ኖሮ እቀበል ነበር። እርስዎ ሲያስተምሩን እኔም የምናገረው ያለኝ ሰው መስሎኝ ነበር። ሕዝቡ ሲስቅ ነው ያልሆንሁት የገባኝ። ከዘነዘናው እሱ ባሰብኝ ብል አያምኑኝም።»

መምህር፣ «አምንሻለሁ» አሉ።

«አሁን አነባለሁ። ቤቴን ዘግቼ ብቻዬን አነባለሁ። ያልገባኝን የምጠይቀው ሰው የለም፤ ሲገባኝም የምነግረው የለም። ግን የሚስቅብኝም የለም።»

መምህር ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩት፣ መጽሐፍ ብቻውን ሲነበብ ያስታል፣ ከጉባኤ ጋር ይነበብ ብለው ነው። ያን ቃል አፋቸው ላይ አምጥተው መለሱት። አምስት ሆነው ስተው ነበርና ምን ብለው ያውጡት? ይልቅ፣ «ያንን የእርሾውን ፍችሽን በየዓመቱ እዚያ ቦታ ስንደርስ፣ ወይኒቱ እንዳለችው እያልሁ አስተምረዋለሁ» አሏት። ደስ የሚላት መስሏቸው ነበር።

«ይማሩበት» አለች። «ስሜን ግን አይጥሩ።»

ኡምሀኒ ሻይ አስመጣችላቸው። መምህር ጠጥተው ተነሡ። ወይኒቱ እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም፤ ይቅር አልልም አላለችም። «በደኅና ይግቡ» ነው ያለቻቸው።

በተከታዩ እሑድ ከወይራው ሥር ሰው እንደተሰበሰበ መምህር ንባብ አላስጀመሩም። ቆመው ይህን ሁሉ ተናገሩ። ከሌሎቹ አራት ሽማግሌዎች ሁለቱ በሕይወት አሉ፤ አንደኛው፣ «የቆየ ነገር መቆስቆስ ምን ይጠቅማል?» ብለው ተነሥተው ሄዱ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ስቄ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ንባቡ ሌላ ሆኗል። አንድ ቁጥር ሲነበብ መምህር ከበላዩና ከበታቹ ያለውን ያስነብባሉ። ስለ ድሀ የሚናገር ከሆነ ድሀ ይናገር፣ ስለ ሚስት ከሆነ ያገቡ ሴቶች ይናገሩ ይላሉ፤ እሳቸው መጨረሻ ናቸው። የማያውቁት ሲመጣ፣ «ይህን አላውቀውም» ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም ይሉታል። ሴቶቹ ይመጣሉ። ሲጠየቁ ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው እርስ በርስ ይተያያሉ። መምህር ይጠብቃሉ። አንዳንዴ አንዷ ሁለት ቃል ትናገራለች፤ አንዳንዴ የሚናገር ይጠፋል። የእርሾው ምሳሌ ሲደርስም ፍቿን ያስተምራሉ፤ የማን እንደሆነ አይናገሩም።

ወይኒቱ ቡሬ ናት። ኡምሀኒ አሁን በርበሬው በየዓይነቱ የሚለይበትን ሥራ እሷን አስይዛታለች፤ አደይ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ አቶ ቢሰጥም በዓመት ሁለት ጊዜ ሄደው ያዩዋቸዋል። መምህር አስናቀው ቡሬ ገበያ ሲወርዱ አንዳንዴ በመጋዘኑ በኩል ያልፋሉ። «እንደምን ዋሉ፣ መምህር» ትላቸዋለች፤ ለማንኛውም አረጋዊ እንደሚባለው ሁሉ። እሳቸውም ይመልሳሉ። ቆመው የሚያወሩት ነገር የላቸውም።

ባለፈው ሰሞን፣ «ይቅር ብላዎታለች ታዲያ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዳግመኛ አልጠየቅኋትም» አሉኝ። «የሷ ነው። እኔ በወቅቱ አንድ ገጽ ብገልጥ ኖሮ ይህ ጥያቄ ራሱ አይኖርም ነበር።» ከዚያ ለእሑድ የሚነበበውን እንድፈልግላቸው መጽሐፉን ሰጡኝ፤ ዓይናቸው ደክሟል።